ሂላ ጥንታዊ አይደለችም

ሂላ ጥንታዊ አይደለችም። ስትበየድ አጠገቧ ቆሜ ነበር። የብየዳው ፍንጣሪ የበሳው ቀሚሴ እስካሁን ሳጥኔ ውስጥ አለ፤ የተጠራጠረ መጥቶ ይይ። እኔ ጥንታዊ ካልሆንኩ እሷም አይደለችም። እንዲህ በንዴት የምጀምረው ወድጄ አይደለም። ጡረታ በወጣሁ በሳምንቱ፣ ዕድሜዬን የጨረስኩበት የባህል ጽሕፈት ቤት ይችን የሙዚቃ መሣሪያ የኤሌክትሪክ ሽቦዋን ቆርጦ፣ በፍየል ቆዳ ጠቅልሎ፣ «የቆላ አባቶቻችን ጥንታዊ ክራር» የሚል ጽሑፍ ለጥፎባት፣ ግድግዳ ሥር ገትሯት አየሁ። የየትኛው ወረዳ ጽሕፈት ቤት እንደሆነ አልጽፍም፤ ራሱን ያውቃል።

ስሜ ስንዱ ነው፤ ያደግሁት መተማ። ሥራ የገባሁት በኪነት ቡድን ድምፃዊነት ነበር። የድምፅ ማጉያውን የሚይዘው ሠራተኛ አንድ የገበያ ቀን ሱዳን ተሻግሮ በዚያው ቀረና፣ የዚያን ጊዜው ኃላፊያችን «እስኪ ሰው እስክናገኝ አንቺ ያዥው» አሉኝ። ሰው ሳይገኝ ጡረታ ወጣሁ። ደመወዙ የድምፃዊ፣ ሥራው የቴክኒሻን ነበር፤ መጠሪያዬም ኃላፊ በተቀየረ ቁጥር ይቀየር ነበር። እሱን ትቼዋለሁ። የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው።

ማጉያውን በተረከብኩ ሰሞን ድንገት ዝም አለብኝ። ተሸክሜ ወደ አያ ኢድሪስ ወሰድኩት። አያ ኢድሪስ አብደራፊ ላይ፣ ከትልልቆቹ እርሻዎች በአንዱ የትራክተር መካኒክ ሆነው ኖረው፣ ወገባቸው እምቢ ሲላቸው መተማ መጥተው ሬዲዮና ቴፕ መጠገኛ የከፈቱ ሰው ናቸው። አማርኛቸው ውስጥ የሱዳን ዓረብኛ ጣል ጣል ያደርጋሉ። ማጉያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ እኔው ልከፍተው ካቻቪቴ ሳነሳ እጄን ያዙኝ።

«ያ ብቲ፣ ምን አጣደፈሽ?» አሉኝ። ልጄ ማለታቸው ነው።

«ከፍተው አይዩልኝም እንዴ አያ?»

«አየዋለሁ። መጀመሪያ ግን ስሚው።»

ማጉያውን ኤሌክትሪኩ ላይ ሰኩት። እጀታው ከእንጨት የሆነ አንድ ረጅም ካቻቪቴ አመጡ፤ እጀታውን በጃኬታቸው ጫፍ ጠረግ አደረጉና ሰጡኝ። ጫፉን ማጉያው ብረት ላይ፣ እጀታውን ከጆሮዬ ጀርባ ካለው አጥንት ላይ እንዳደርገው አሳዩኝ። አደረግሁት። ዝም ያለው ዕቃ ውስጥ ወፍራም እምምታ ይሰማል፤ ከእምምታው ኋላ ደግሞ አንድ ቀጭን ነገር ያቃስታል። አጥንቴ ውስጥ ገብቶ ራሴን ሞላው።

«ሰማሽ? አልሞተም። ተበላሸ አትበይ፤ ሌላ ነገር እያለ ነው» አሉኝ።

ይህን ልማድ ያመጡት ከትራክተር ነው። ኩሽኔታ ሊበላ ሲል ሞተሩን ሳይፈቱ በካቻቪቴ አዳምጠው የትኛው እንደሆነ ይለያሉ። ሌላው መካኒክ ግን ሕመሙን ለይቶ ይተወዋል፤ እሳቸው ድምፁን ይወዱት ነበር። ሱቃቸው ውስጥ እጅ ሲቀርባት የምታፏጭ አንዲት አሮጌ ሬዲዮ ነበረቻቸው። ባለቤቱ ጠግኑልኝ ብሎ ሲያመጣት ሌላ ደህና ሬዲዮ ሰጥተው ያስቀሯት ናት። መዳፋቸውን ቀረብ ራቅ እያደረጉ ያስዜሟታል። ጎረቤቱ ሁሉ አያ ኢድሪስ ጂን ያነጋግራሉ ይል ነበር። እኔ ግን ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ ሥራዬን ስጨርስ ወደዚያው መሄድ ጀመርኩ።

ሂላን አብረን ነው የሠራናት። ሆዷ የተገለበጠ ግማሽ የዘይት በርሜል ነው። ከሆዷ ሁለት ብረት ወጥቶ ላይ ላዩን እንደ ክራር ተጋጥሟል፤ በመኻሉ ከትራክተር የፍሬን ገመድ የተፈቱ ቀጫጭን ሽቦዎች ተወጥረዋል። ሆዷ ውስጥ ከአሮጌ የትራክተር መቀመጫ የወጡ ሞላዎች አንጠልጥለናል። ሽቦው ሲነካ ሞላዎቹ ተቀብለው ለብቻቸው ይቆዩበታል። ቆማ ስትታይ፣ ሰሊጥ ታጭዶ እንዲደርቅ ጫፍ ለጫፍ ተደጋግፎ የሚቆመውን ነዶ ትመስላለች። እሱን በእኛ አገር ሂላ ነው የምንለው፤ ስሟ ከዚያ መጣ።

ነገሩ የነበረው ግን ከውስጥ ነው። ማንቂያ ሰዓት ሲፈታ ጀርባው ላይ ሳንቲም የምታክል ስስ ነሐስ ትገኛለች፤ የምትጮኸው እሷ ናት። አያ ኢድሪስ እሷን ገልብጠው አሠሯት። ብረት ላይ ተለጥፋ ሽቦዋ ወደ ማጉያ ሲሄድ፣ ብረቱ የሚለውን ሁሉ ለሰው ጆሮ ታወጣለች። ችግሩ መለጠፉ ነበር። መተማ ሚያዝያ ላይ በርሜል በእጅ አይነካም፤ ሰም ይቀልጣል፣ የሱቁ ማጣበቂያ ሁሉ ይላጣል። አያ ኢድሪስ ከግራር የሚለቀመውን ሙጫ፣ እሳቸው ሰመግ የሚሉትን፣ በጥቂት ውሃ ዘፍዝፈው እንደ ማር እስኪሳብ ጠብቀው በእሱ ለጠፉት። ሲደርቅ ድንጋይ ሆነ። የቆላው ፀሐይ ምንም አላደረገውም።

ከነሐሶቹ የሚመጣውን ወደ ሁለት ቴፕ እንሰደዋለን። በአንዱ እንቀዳለን፤ የቀዳነውን የካሴት ክር ቆርጠን፣ ጫፍና ጫፉን በፕላስተር አያይዘን፣ በጠርሙስ ዙሪያ እናዞረዋለን። ያው ድምፅ እየዞረ ይመላለሳል። በዚያ ላይ በማሲንቆ ደጋን የሂላን ሽቦ እሞርዳለሁ፤ አያ ኢድሪስ ሬዲዮዋን ያስፏጫሉ። ዘፈን አልነበረም፤ ዘፈን ነው ብለንም አናውቅም። ሙዚቃ ነበር ግን። አሁንም የሚከራከረኝ ካለ አለሁ።

የዚያን ጊዜው ኃላፊያችን መምህር የነበሩ ሰው ናቸውና «እኔ አልገባኝም፤ ሠራተኛው ይስማውና ይፍረድ» ብለው በአጨዳ ወቅት ወደ ሽንፋ ላኩን። ሠራተኛው ሰሊጡን ሲያራግፍ ቀዳን። ነዶው ተዘቅዝቆ በዱላ ሲመታ ፍሬው ሸራው ላይ ሽርርር ብሎ ይወርዳል፤ በመኻሉ የሰው ትንፋሽ አለ፣ ከጎጃም የመጣ ይበልጣል የሚባል ሠራተኛ እንጉርጉሮ አለ። በዕረፍት ቀናቸው ዋርካ ሥር ሰብስበን ያንኑ በዝግታ እያዞርን፣ ከሥሩ ሂላን እየሞረድን አሰማናቸው። የሰሊጡ ድምፅ ሲዘገይ የሽንፋ ወንዝ ሞልቶ ሲመጣ ሆነ።

ይሥቃሉ ብዬ ፈርቼ ነበር። መጀመሪያ ሣቁም። ከዚያ ግን የወሎውም የጎጃሙም ማጭዱን ጭኑ ላይ አጋድሞ መሬት መሬቱን እያየ አዳመጠ። ሲያልቅ ይበልጣል ወደ እኔ መጣ።

«እኔ እንዲህ ነው የምተነፍስ?» አለኝ።

«አንተ ነህ። ሰሊጡን ስትመታ ነው።»

«ሁሉም ሲዘፍንልን ጎበዙ፣ ጀግናው ነው የሚለን። ድካሜን ግን ዛሬ ገና ሰማሁት። እስኪ መልሽው እቴ።»

መለስነው። ደግመን መለስነው። በሥራ ዘመኔ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

የተረገመው ደግሞ የጎንደሩ ነው። ወረዳዎች ሁሉ የሚወዳደሩበት የባህል ትርኢት ተዘጋጀና እኛም ተጠራን፤ ክረምት ነበር። ሂላን ከጭነት መኪናው አናት ላይ አስረን ወጣን። ከጭልጋ ጀምሮ ዝናቡ ሲወርድብን ዋለ። ስንደርስ በርሜሉን ከላይ እስከ ታች በጨርቅ አደረቅነው። ሽቦውን ወጠርን፣ ሁሉን አየን፤ ደህና ናት አልን። መድረክ ላይ ወጥተን፣ አዳራሹ ሞልቶ፣ ደጋኑን ሽቦው ላይ አሳረፍኩ። ማጉያው እምምም አለ፤ ሌላ ምንም የለም። ደገምኩ። ምንም። ከኋላ ፉጨት ተጀመረ። ከቡድናችን አንዱ ጭፈራ ጀምሮ ሊያድነን ሞከረ፤ እሱም ተፏጨበት።

አያ ኢድሪስ እዚያው መድረክ ላይ ተንበርክከው እጃቸውን በሂላ ሆድ ውስጥ ሰደዱ። ሲያወጡት ነሐሶቹ እጃቸው ላይ ናቸው፤ ጣታቸው መኻል ሙጫው እንደ ማር ይሳባል። ሰመጉ ውሃ ጠጥቷል። ሙጫውን በውሃ የዘፈዘፍነው እኛው ራሳችን፣ ውሃ እንደሚፈታው ለአንድ ቀን ትዝ አላለንም። በእኛ አገርም ይዘንባል፤ ግን ክረምት ላይ ሂላን ከቤት አውጥተን አናውቅም። ትርኢታችን ሁሉ በአጨዳ ነው። ቆለኛ ስለሆንን ሙቀት ሙቀቱን ስንጠብቅ ነው ዝናብ የበላን።

ስሕተት ነው፤ አልክድም። የሚያናድደኝ ስሕተቱ አይደለም። ከዳኞቹ አንዱ ማይክ ይዞ «ለመሆኑ ይህ ባህላዊ ነው ወይስ ዘመናዊ? ባህላዊ ከሆነ ሽቦ ምን ይሠራል? ዘመናዊ ከሆነ ይህን በርሜል ምን አመጣው?» አለ። አዳራሹ ሣቀ። አያ ኢድሪስ በሙጫ የተጨማለቀ እጃቸውን ወደ ኋላ ደብቀው ቆሙ። ጥያቄው እንግዲህ ከዚያ ቀን ጀምሮ በላዬ ላይ ቀረ።

መተማ በተመለስን በሳምንቱ አስተካከልናት። ነሐሱን በሰመግ ለጥፈን፣ ሲደርቅ ላዩን በጥፍር ቀለም ሸፈንነው። ቀለሙ የእኔ ነበር፤ መድረክ ላይ የምቀባው ቀዩ። ባልዲ ውሃ ደፋንባት፤ ምንም አልሆነችም። ሮጬ ለጽሕፈት ቤቱ ተናገርኩ። መምህሩ ተቀይረው ሌላ ሰው መጥቶ ነበር። «የጎንደሩ ይበቃናል» አለኝ። ሂላ ዕቃ ግምጃ ቤት ገባች፤ ከተሰበሩ ወንበሮች ጋር። ከዚያ ወዲያ እኔ ለስብሰባ ማይክ ሰካሁ፤ አሎ አሎ አንድ ሁለት አልኩ። ኃላፊ መጣ፣ ኃላፊ ሄደ፤ የሁሉንም ንግግር አጎላሁ። አንዱም ግምጃ ቤቱ ውስጥ ምን አለ ብሎ አልጠየቀኝም። እኔ ስጠይቅም ጆሮ ዳባ ልበስ።

ሱዳን ጦርነት ከገባች በኋላ ካሴቱም አሮጌ ሰዓቱም ከወዲያ መምጣቱ ቀረ። ሱቁ በሰው ተሞላ፤ ሸሽቶ የተሻገረው ሁሉ ስልኩን ለማስጠገን አያ ኢድሪስ ዘንድ ይመጣ ነበር። እሳቸውም ደክመው ነበርና በዚያው ወራት አልጋ ያዙ። ልጠይቃቸው ስሄድ ያን ረጅም ካቻቪቴ ከትራሳቸው ሥር አወጡ። እጀታውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረግ አድርገው ሰጡኝ።

«ስንዱ፣ ሂላን አንድ ቀን ሰው ፊት አውጫት» አሉኝ። «ሰው የሚያውቃት ጎንደር ላይ ዝም ስትል ነው። በዚያው እንዳትቀር።»

«አወጣታለሁ አያ» አልኳቸው። ብዙም አልቆዩ፤ አላህ ይዘንላቸው።

ቃሌን ይዤ አሁን ያለው ኃላፊያችን ዘንድ ገባሁ። ጌታሁን ይባላል፤ ልጅ እግር ነው፣ ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። ለመከሩ በዓል ሂላን ላውጣ ስለው፣ ፈገግ ብሎ «እትዬ ስንዱ፣ በየትኛው ዘርፍ ላስገባልዎ? ባህላዊ ነው ወይስ ዘመናዊ?» ይለኛል። ሁለቱንም ነው እላለሁ። «እንደዚያ የሚባል ዘርፍ የለንም» ይላል። በዓመቱ እመለሳለሁ፤ ያንኑ ይለኛል። ያ የጎንደር ዳኛ ሞቶ ይሁን በሕይወት አላውቅም፤ ጥያቄውን ግን እነዚህ ወረሱት።

ጡረታ ወጣሁ። ሸኙኝ፤ ጋቢ አለበሱኝ። በሳምንቱ ጌታሁን ደወለልኝ። ከክልል እንግዶች ይመጣሉ፣ የባህል ክፍል ከፍተናል፣ እርስዎም መጥተው ስለ አባቶቻችን መሣሪያ አንድ ሁለት ቃል ይበሉልን አለኝ። የትኛው መሣሪያ ብዬ ሄጄ አየሁ። ያኔ ነው ከላይ የጻፍኩትን ያየሁት። በርሜልነቷ እንዳይታይ የፍየል ቆዳ ሰፍተውባታል። «መንካት ክልክል ነው» የሚልም አለ።

«የነሐሶቹ ሽቦዎችስ?» አልኩት።

«የኤሌክትሪክ ገመድ ተንጠልጥሎባት ጥንታዊ ነው ማለት አይቻልማ እትዬ። ቆርጠን አጸዳናት። አላማረችም?»

«ጥንታዊ አይደለችም እኮ። እኔ ነኝ የሠራኋት፤ እኔና አያ ኢድሪስ። ለአንድ ቀን ስጡኝና ሽቦዋን ልመልስላት» አልኩት። የመንግሥት ንብረት ነው፣ ከግቢ አይወጣም አለኝ። ወጥቼ ከግቢው ኋላ ቆሻሻ ወደሚቃጠልበት ጉድጓድ ሄድኩ። ገና አልተለኮሰም። ሽቦዎቹ ተጠቅልለው ተጥለዋል፤ ነሐሶቹ ጫፋቸው ላይ አሉ፣ ጥፍር ቀለሜም እንደቀላ ነው። ጉድጓዱ ዳር ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ከዚያ በነጠላዬ ቋጥሬ ወደ ቤቴ ወሰድኳቸው።

የእንግዶቹ ቀን ካቻቪቴውን ነጠላዬ ሥር ይዤ ሄድኩ። ጌታሁን ከበሩ ውጭ ስልክ ይዞ ስለ ምሳው ይነጋገራል። ተራዬ ሲደርስ «ስለ አባቶቻችን የማውቀው የለኝም፤ ይችን ግን አውቃታለሁ» አልኩ። ከእንግዶቹ መኻል አንዲት ትልቅ ሴት ከፊት ቆመዋል። «እናቴ፣ ይቅረቡ እስኪ» አልኳቸው። የካቻቪቴውን ጫፍ ቆዳው ያልሸፈነው ብረት ላይ አሳረፍኩ፤ እጀታውን በነጠላዬ ጫፍ ጠረግ አድርጌ ከጆሯቸው ጀርባ አጥንት ላይ አስያዝኳቸው። ያልቆረጡትን፣ እንደ ክራር የተወጠረውን ሽቦዋን ነካሁ። ገመዱን ሲቆርጡ ሆዷ ውስጥ ያሉትን ሞላዎች አላዩዋቸውም ነበር። ሴትዮዋ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሽቦው ከቆመ በኋላም ቆዩ፤ ሞላዎቹ ገና አልጨረሱም ነበር።

«ሌላው ሰው አይሰማውም?» አሉ ቀና ሲሉ።

«ይሰማ ነበር፤ ወደ ማጉያ የሚሄደውን ሽቦዋን ቆረጡት» አልኩ።

ሰልፍ ሆነ። እንግዳው ሁሉ፣ ጥበቃውም ሳይቀር፣ በየተራ አዳመጠ። ለአንድ ለአንድ ሰው፣ በጆሮ። ሴትዮዋ ሲወጡ ጌታሁንን «ቅዳሜ እንመለሳለን፤ ሽቦው ተመልሶ አዳራሹ ሙሉ እንዲሰማ ይሁን» አሉት። እኔ እዚያው ቆሜ ነበር። እሱ በስልኩ ምክንያት አንዲት ድምፅ አልሰማም።

በማግሥቱ ጠዋት ባጃጅ ደጄ ቆመ። ከግቢ አይወጣም የተባለው ንብረት ከኋላ ወንበር ላይ ነው፤ ጌታሁን አቅፎታል፣ ሸሚዙ በላብ ርሷል። ቆዳው ተነሥቷል። አስገብቶ መኻል ቤት አቆማት።

«እትዬ ስንዱ፣ ለቅዳሜ ቶሎ ሽቦውን ይመልሱልኝ።»

ሽቦው ተጠቅልሎ፣ ሰመጉም ተዘፍዝፎ ጠረጴዛው ላይ ነው። አልነካሁትም። ትናንት እዚያ ከነበረው ሰው ሁሉ ያልሰማት እሱ ብቻ ነበር። ጡረታ ወጥቻለሁና ለመጀመሪያ ጊዜ አንተ አልኩት።

«መጀመሪያ ስማት» አልኩት። «ሳትሰማት አንዲት ነሐስ አልለጥፍም። ተንበርከክ።»

ሰዓቱን አየ፤ እኔን አየ። ተንበረከከ። እጀታውን ጠርጌ ሰጠሁት። ደጋኑን አንሥቼ ወፍራሙን ሽቦ ሞረድኩለት፤ ረጅም፣ እንደ ሽንፋው። ፊቱ ላይ የነበረው ጥድፊያ ቀስ እያለ ሲለቀው አየሁ። ደጋኑን አንሥቼ ቆምኩ። እሱ አልተነሣም።

«እህሳ» አልኩት፣ «ባህላዊ ነው ወይስ ዘመናዊ?»

ጆሮውን ከእጀታው ሳያነሣ፣ በሌላ እጁ ዝም ይበሉ የሚል ምልክት ሰጠኝ።